የኤሌክትሪክና የድቅል ተሽከርካሪዎች ልዩነት እና የባትሪ አቅም ገደብ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃንና አንኮበር

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ዜጋ በቅድሚያ የሚቀርብለት አማራጭ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሆኗል። በሌላ በኩል ቀደም ሲል ወደ ሀገር የገቡ፣ ሞተርንና ባትሪን አጣምረው የሚሠሩ ድቅል ወይም ሃይብሪድ ተሽከርካሪዎች በገበያ ላይ ይገኛሉ። በመሆኑም ብዙ ተገልጋዮች «የትኛው ይሻላል? ባትሪውስ የምፈልገው ቦታ ያደርሰኛል ወይ?» የሚል ጥያቄ ያነሳሉ።

መልሱ በመኪናው ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ መኪናው በሚሄድበት መንገድም ይወሰናል። የመንገዱ ከፍታ፣ የአየሩ ቅዝቃዜ እንዲሁም መኪናው የሚያድርበት ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በወረቀት ላይ የተጻፈውን ርቀት በእጅጉ ሊቀንሱት ይችላሉ። ይህንን በግልጽ ከሚያሳዩ አካባቢዎች አንዱ ሰሜን ሸዋ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን የተሽከርካሪ ዓይነቶች ልዩነት፣ የባትሪን የአቅም ገደብ እና ከግዢ በፊት ሊደረግ የሚገባውን ስሌት የአዲስ አበባ፣ የደብረ ብርሃን፣ የአንኮበርና የጣርማበር መንገዶችን በምሳሌነት በመውሰድ ያብራራል።

የውሳኔው መነሻ

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ነዳጅ ሙሉ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ከውጭ የሚገባ ነው። በአንጻሩ የሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በመሆኑም ተሽከርካሪዎች ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲሸጋገሩ ማድረግ የሀገሪቱን ወጪ የሚቀንስ አቅጣጫ ሆኖ ተወስዷል።

ሽግግሩን ለማበረታታት የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ እንዲሆኑ ተደርጓል። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተበታትነው ለሚገቡት ዜሮ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ማበረታቻ የተሰጠው ለሙሉ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በመሆኑ፣ የነዳጅ ሞተር ያለውን ድቅል ተሽከርካሪ በተመሳሳይ ዓይን ማየት ወደ ስህተት ይመራል። ተሽከርካሪ ከውጭ ለማስገባት የሚያስብ ማንኛውም ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በወቅቱ በሥራ ላይ ያለውን የታክስና የክልከላ ሁኔታ ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የተሽከርካሪዎቹ ዓይነትና አሠራር

በገበያ ላይ «ኤሌክትሪክ» ወይም «ሃይብሪድ» እየተባሉ የሚሸጡ ተሽከርካሪዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ሙሉ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነው። የነዳጅ ታንከር፣ የሞተር ዘይትና የጭስ ማውጫ የለውም። ኃይሉን በሙሉ የሚያገኘው ከወለሉ ሥር ከተቀመጠው ትልቅ ባትሪ ሲሆን፣ የባትሪው መጠን በኪሎዋት ሰዓት ይለካል። ለግል አውቶሞቢል የሚውሉ ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 80 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ።

ሁለተኛው ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የማይገናኝ ድቅል ተሽከርካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ፕሪየስ የዚህ ዓይነቱ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ባትሪው በጣም ትንሽ ሲሆን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ይይዛል። የሚሞላውም በነዳጅ ሞተሩና ፍሬን ሲያዝ ከሚገኘው ኃይል ነው። ይህ መኪና ነዳጅ ይቆጥባል እንጂ ያለ ነዳጅ አይሄድም።

ሦስተኛው በሶኬት የሚሞላ ድቅል ተሽከርካሪ ነው። የነዳጅ ሞተርም፣ መካከለኛ መጠን ያለው ባትሪም አለው። በየዕለቱ ቻርጅ ከተደረገ የከተማ ውስጥ ጉዞን በኤሌክትሪክ ብቻ ሊሸፍን ይችላል፤ ሩቅ መንገድ ሲሆን ሞተሩ ያግዘዋል። ባለቤቱ ቻርጅ የማያደርገው ከሆነ ግን ከባድ ባትሪ ተሸክሞ በነዳጅ የሚሄድ መኪና ከመሆን አያልፍም።

ባትሪ ገደብ የሚኖረው ለምንድን ነው?

አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል በውስጡ ይይዛል። 40 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ የሚጨምረው ክብደት 30 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በአንጻሩ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የያዘው ኃይል ግን ከሰባት ሊትር ቤንዚን ብዙም አይበልጥም።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህንን ጉድለት የሚያካክሰው ኃይልን ባለማባከኑ ነው። የነዳጅ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ለውጦ ይጥለዋል፤ ወደ ጎማ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከባትሪ የሚወስደውን ኃይል 90 በመቶ ያህል ወደ እንቅስቃሴ ይለውጠዋል። ቢሆንም የክብደቱ ችግር ስለማይወገድ፣ ርቀትን ለመጨመር ትልቅ ባትሪ መግጠም የመኪናውን ክብደትም ዋጋም ይጨምራል።

የባትሪው ይዘትም ልዩነት አለው። በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚታዩት ሁለት የሊቲየም ባትሪ ዓይነቶች ናቸው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት፣ በምህጻረ ቃል ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ቻርጅ ቢደረግም ቶሎ አያረጅም፤ ለእሳት አደጋ ያለው ተጋላጭነትም ዝቅ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ለተመሳሳይ ኃይል የበለጠ ይከብዳል፤ በብርድም ይዳከማል። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት የያዘው፣ ኤንኤምሲ የሚባለው ደግሞ ቀለል ያለና ብርድን በተሻለ የሚቋቋም ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለሙቀትም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገዢው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሻጩን ጠይቆ በጽሑፍ ቢይዝ በኋላ ለአጠቃቀሙ ይረዳዋል።

ስለ ሶዲየም ባትሪና ስለ ጠጣር ባትሪ በመገናኛ ብዙኃን ብዙ ይነገራል። የሶዲየም ባትሪ ብርድን በመቋቋም የተሻለ ቢሆንም ለተመሳሳይ ክብደት የሚይዘው ኃይል አነስተኛ ነው። ጠጣር ባትሪ ደግሞ በብዛት ተመርቶ በተራ ገዢ እጅ የሚገባበት ደረጃ ላይ አልደረሰም። ስለዚህ የዛሬ ግዢ መመዘን ያለበት ዛሬ በገበያ ላይ ባለው ባትሪ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው ርቀትና የሰሜን ሸዋ መንገድ

ለቻይና ገበያ የተመረቱ መኪኖች ሰነድ ላይ የሚሰፈረው ርቀት የሚለካው በቻይና የፍተሻ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ዝግ ያለ ፍጥነትና ብዙ የከተማ ጉዞ ስለሚበዛበት፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የፍተሻ ሥርዓቶች ይልቅ ረጅም ርቀት ያሳያል። ፍተሻው ዳገትንም ሆነ ጠጠር መንገድን አይጨምርም።

የሚከተለው ስሌት ልዩነቱን ያሳያል። ሰውና ሻንጣ ጨምሮ 1,900 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በሜዳማ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚወስድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ይወሰድ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። መኪናው ለርቀቱ 21 ኪሎዋት ሰዓት፣ ለከፍታው ልዩነት ተጨማሪ 2 ተኩል ያህል ይወስዳል። በብርድ ወራት ማሞቂያ ከተከፈተ ጠቅላላው እስከ 26 ይደርሳል። ሲመለስ ቁልቁለቱ ስለሚያግዘው ከ19 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። የደርሶ መልሱ ድምር 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ባትሪው ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ መንዳት ስለማይገባ ሃያ በመቶ መጠባበቂያ ይያዝ። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ መኪና ጥቅም ላይ የሚያውለው 48 ስለሆነ ደብረ ብርሃን ደርሶ ይመለሳል፤ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ መኪና ደግሞ ጥቅም ላይ የሚያውለው 32 ብቻ በመሆኑ ደብረ ብርሃን ላይ ቢያንስ 13 ኪሎዋት ሰዓት መሙላት አለበት።

ጉዞው እስከ አንኮበር ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ ወጥቶ እንደገና ይወርዳል። ለደርሶ መልሱ ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመራል። ከአዲስ አበባ አንኮበር ደርሶ መመለስ በድምሩ 61 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ርቀቱ 340 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ በሰነዱ ላይ 500 ኪሎ ሜትር የተጻፈለት ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት መኪና ይህንን ጉዞ በመካከል ሳይሞላ ማጠናቀቅ አይችልም።

ዳገት፣ ቁልቁለትና ብርድ

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የጣርማበር ዳገት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ከላይ በምሳሌነት የተወሰደው መኪና ይህን 1,700 ሜትር ለመውጣት ብቻ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። የርቀቱ ፍጆታ ሲጨመርበት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ላልሞላ መንገድ 17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ይህም በሜዳ ላይ ከሚወስደው ከእጥፍ በላይ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቀሪ ርቀት የሚሰላው ባለፈው አነዳድ ስለሆነ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ «100 ኪሎ ሜትር ይቀራል» የሚል ቁጥር ያየ አሽከርካሪ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ሊቆም ይችላል። ቁጥሩን ከማመን ይልቅ የባትሪውን መቶኛ አይቶ ዳገቱን ማስላት ይገባል።

ቁልቁለት በአንጻሩ ጥቅም አለው። መኪናው ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር እየሠራ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬንም እንዳይግል ያግዛል። ይህ የሚሆነው ግን ባትሪው ቦታ ሲኖረው ነው። አንኮበር ጎረቤላ አድሮ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ በቀጥታ ወደ አልዩ አምባ ቆላ የሚወርድ መኪና ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው ጫናው በሙሉ በተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ከረጅም ቁልቁለት በፊት ባትሪውን 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ማቆም ተገቢ ነው።

ድቅል መኪናም በቁልቁለት ኃይል ይመልሳል። ነገር ግን ባትሪው ትንሽ በመሆኑ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወርድ ይሞላል። ከዚያ በኋላ አሽከርካሪው እንደ ማንኛውም የነዳጅ መኪና በሞተር ጉልበት፣ ማርሽ ቀንሶ፣ በዝግታ መውረድ ይጠበቅበታል።

ከፍታ በሁለቱ ዓይነቶች ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖም ይለያያል። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ስለሚያንሰው ጉልበቱ በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል፤ የድቅል መኪና ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያስፈልገው ጉልበቱ አይነካም። እንዲያውም አየሩ ስስ በመሆኑ በሚጓዝበት ጊዜ የሚገጥመው ግፊያ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍታ በራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለም፤ ከባዱ ወደ ከፍታው መውጣቱ ነው።

ብርድን በተመለከተ፣ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ የሚጥልበት አካባቢ ነው። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይል የመቀበል አቅሙ ይወርዳል። በተለይ ኤልኤፍፒ ባትሪ የሙቀቱ መጠን ወደ ዜሮ ሲጠጋ ፈጣን ቻርጅ አይቀበልም። በነዳጅ መኪና ውስጥ ማሞቂያው የሚሠራው ሞተሩ በሚጥለው ሙቀት ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መኪና ማሞቂያ ግን የሚጠቀመው ከባትሪው ነው። 2 ኪሎዋት የሚወስድ ማሞቂያ ለሁለት ሰዓት ተኩል ቢበራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም የ30 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው። ማታ እንደ ደረሱ፣ ባትሪው ሳይቀዘቅዝ ቻርጅ ላይ ማድረግና የመቀመጫ ማሞቂያ ካለ እርሱን መጠቀም ፍጆታውን ይቀንሳል።

ቻርጅ የማድረግ ሁኔታ

በቤት ውስጥ ተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ያህል ይገኛል። በዚህ አቅም 13 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ ለአዳር በቂ ሲሆን ለአጭር ቆይታ ግን አይበቃም። ግድግዳ ላይ የሚገጠም 7 ኪሎዋት ቻርጀር ያንኑ በሁለት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ፈጣን የቻርጅ ጣቢያዎች ደግሞ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳሉ። ከ80 በመቶ በላይ ፍጥነቱ በጣም ስለሚቀንስ ጣቢያ ላይ እስከ 100 መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ለሕዝብ አገልግሎት ከፍቷል። ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚጓዝ አሽከርካሪ ግን ዋነኛው ዋስትና በሚያድርበት ሆቴል ወይም ቤት አስተማማኝ መስመር መኖሩን ከመነሳቱ በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ለቻይና ገበያ የተመረቱ መኪኖች የሚጠቀሙት ጂቢ/ቲ የተባለውን የቻርጅ መሰኪያ ሲሆን፣ ለአውሮፓ የተመረቱት ሲሲኤስ2 የተባለውን ይጠቀማሉ። ሁለቱ አይገጥሙም። የመኪናው መሰኪያ ከጣቢያው ጋር እንደሚስማማ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ የሚዘረጋው መስመር ራሱን የቻለ ብሬከርና የመሬት መስመር ሊኖረው ይገባል። ተራ ማራዘሚያ ገመድ ለሰዓታት ከፍተኛ ኃይል ሲያስተላልፍ ግሎ ቃጠሎ ሊያስነሳ ስለሚችል መጠቀም አይገባም። የቆጣሪ አቅም ማሳደግ ካስፈለገ ጥያቄው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይቀርባል።

የባትሪ ዕድሜና ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች

ማንኛውም ባትሪ በአገልግሎት ዘመኑ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ አምራቾች ለ8 ዓመት ወይም ለ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ 70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን በአምራቹ ወኪል በኩል ያልገባ መኪና ይህ ዋስትና ኢትዮጵያ ውስጥ ላይሠራለት ይችላል። ባትሪ የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል በመሆኑ፣ ያለ ዋስትና ባትሪ መቀየር ግድ ቢል የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ይሄዳል። ያገለገለ የኤሌክትሪክም ሆነ ድቅል መኪና የሚገዛ ሰው የባትሪው ቀሪ አቅም በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ በመቶኛ እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት።

ለየዕለት አጠቃቀም፣ ኤንኤምሲ ባትሪን ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ማቆየት ዕድሜውን ያረዝማል። ኤልኤፍፒ ባትሪ ግን መለኪያው እንዳይሳሳት በአምራቹ መመሪያ መሠረት በየጊዜው እስከ 100 በመቶ መሞላት አለበት።

አደጋ የደረሰበት የኤሌክትሪክ ወይም ድቅል መኪና ሲያጋጥም ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች መንካት ክልክል ነው፤ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያልፈው በእነርሱ ነው። ከወለሉ ሥር ጭስ ከታየ ሰዎችን አርቆ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራትና መኪናው ኤሌክትሪክ መሆኑን መንገር ያስፈልጋል።

ለማን የትኛው ይስማማል?

በደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለሥራ ለሚመላለስ፣ ግቢውም የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው አነስተኛ ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና እንኳ ከበቂ በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን አዘውትሮ ለሚጓዝ 60 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚይዝ መኪና፣ ወይም በሚያድርበት ቦታ አስተማማኝ ቻርጅ ያስፈልጋል። ሥራው በየሳምንቱ ጣርማበርን እያቋረጠ ወደ ሸዋ ሮቢትና ከዚያ ወዲያ የሚወስደው፣ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር በማይደርስባቸው የቆላ መንገዶች የሚሠራ ሰው ደግሞ በሀገር ውስጥ ገበያ ያለ፣ ባትሪው የተመረመረ ድቅል መኪና ለጊዜው ሊስማማው ይችላል። የነዳጅ ወጪው፣ የሞተር ጥገናውና የባትሪው እርጅና ግን አንድ ላይ እንደሚጠብቁት ማወቅ አለበት።

ከግዢ በፊት የሚረጋገጡ ነጥቦች

1. ብዙ ጊዜ የሚኬድበት ረጅሙ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና ምን ያህል ዳገት እንዳለው ማስላት፤
2. የባትሪውን መጠን በኪሎዋት ሰዓት መጠየቅና ከዚያ ላይ 20 በመቶ መጠባበቂያ መቀነስ፤
3. የባትሪውን ዓይነትና የቻርጅ መሰኪያውን ዓይነት በጽሑፍ መያዝ፤
4. ዋስትናው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መሆኑንና ማን እንደሚፈጽመው ማረጋገጥ፤
5. ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ቀሪ አቅም ማስለካት፣ የሊብሬውን መረጃም ከመኪናው ሻንሲ ቁጥር ጋር ማመሳከር፤
6. የቤቱ መስመር ቻርጀሩን የሚሸከም መሆኑን በባለሙያ ማስፈተሽ፤
7. የመኪናው ስክሪን ቋንቋ አሽከርካሪው ሊያነበው የሚችል መሆኑን ማየት።

እነዚህን ነጥቦች አስቀድሞ ያረጋገጠ ገዢ ከአቅሙና ከመንገዱ ጋር የሚመጣጠን ተሽከርካሪ ለመምረጥ ይችላል። የተሽከርካሪ ምዝገባን፣ የስም ዝውውርንና ዓመታዊ የቦሎ ምርመራን በተመለከተ ተገልጋዮች በሚኖሩበት ከተማ ወይም ወረዳ የሚገኘውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ማነጋገር ይችላሉ።